አዳሪ አለ፤ አሳዳሪ የለም

አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው “አዳሪ ትምህርት ቤት” ሲባል ፊቱ ላይ ድቅን የሚለው የፊልም ሥዕል ነው። ያረጀ የድንጋይ ሕንፃ፣ አረንጓዴ ሜዳ፣ ክራባት ያሰሩ ልጆች፣ ረጅም የምግብ ጠረጴዛ፣ ደወል። ካልሆነም ማስፈራሪያ ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ ሲያስቸግር “አርፈህ ካልተቀመጥክ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የምንከትህ!” ይባላል። እንግዲህ ለሀብታም ቅንጦት፣ ለአስቸጋሪ ቅጣት መሆኑ ነው። በሁለቱም በኩል ግን የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

የኔ ሙግት ሌላ ነው። በዚህች አገር ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ ልጅ ዛሬም አዳሪ ሆኖ ነው የሚማረው። እኛ አዳሪ ብለን ስላልቆጠርነው ብቻ የሌለ መሰለን። ካላመናችሁኝ እስቲ ወደ ራያ ቆላ አብረን እንውረድ።

ከወልዲያ ተነሥታችሁ የመቀሌን መንገድ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ቆቦን ታልፋላችሁ፤ አላማጣ ሳትደርሱ ዋጃ አለች። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተ ምዕራብ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ ደጋ የሚያወጣው ተራራ፣ መኻል ላይ ደግሞ የተንጣለለ ሜዳ። ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ አገር ነው። አብዛኛው መንገደኛ ዋጃን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው፤ ውሃ ገዝቶ ያልፋል።

በዚህ ሜዳና በዙሪያው ባሉት ተራሮች ላይ የሚኖር የገበሬ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃውን እዚያው ቀበሌው አካባቢ ይማራል። ዘጠነኛ ክፍል ግን ከተማ ነው። በእግር ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ ለአንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። በየቀኑ ተመላልሶ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ቤተሰብ ያለው ምርጫ አንድ ነው፦ ሦስት አራት ልጆችን አቧድኖ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል መከራየት። እሑድ ከሰዓት ልጆቹ ስንቃቸውን ተሸክመው ይገባሉ። መጀመሪያ እንጀራው ይበላል፤ እሱ ሲያልቅ ደርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤት ይመለሳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ እርሻ ያግዛሉ፣ ደግሞ ስንቅ ቋጥረው ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ የሚጀምረው በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ነው።

ታዲያ ይሄ አዳሪነት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? አዳሪው አለ። ትምህርት ቤቱም አለ። የጠፋው አሳዳሪው ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ስማር ከዚያው አካባቢ የመጣች የዶርም ጓደኛ ነበረችኝ። እኛ የከተማ ልጆች የመጀመሪያዋን ሳምንት እናቶቻችን ጋ እየደወልን ስንነፋረቅ እሷ አልጋዋን አንጥፋ ትተኛለች። “አንቺ ቤተሰብ አይናፍቅሽም እንዴ?” ብንላት “እኔ እኮ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ ብቻዬን ነኝ” አለችን። ስለ ኪራይ ቤታቸው ስታወራ የሚያስቅ ነገር አታጣም። ላምባ ሲያልቅ በስልክ መብራት ማንበባቸውን፣ ደርቆሹን አይጥ ቀድሟቸው መገኘቱን። ስለ በሩ ስታወራ ግን አትስቅም ነበር። ማታ ማታ በሩን በምን ይደግፉት እንደነበር አንድ በአንድ ታስታውሳለች፤ በጀሪካን፣ በድንጋይ፣ በሳጥን። ሦስት ሴት ልጆች፣ አንድ የቆርቆሮ በር፣ ውጭ የሰካራም ድምፅ። አብረዋት ከተከራዩት ሁለቱ አሥረኛ ክፍልን አልጨረሱም። አንዷ ተዳረች፣ አንዷ ዓረብ አገር ሄደች። ዩኒቨርሲቲ የደረሰችው እሷ ብቻ ናት።

እኛ ይህን “ጥንካሬ” እንለዋለን። “የገጠር ልጅ ጠንካራ ነው” እያልን እናደንቃለን። ሲደነቅ የሚኖር ችግር ደግሞ አይፈታም። ከሦስት ልጆች ሁለቱን መንገድ ላይ የሚያስቀር ነገር ጥንካሬን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

አሳዳሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ልጆችን ሲያሳድሩ ረጅም ዘመን የኖሩ ሰዎችን ማየት ይጠቅማል። ከእነሱ መኻል የካቶሊክ መነኮሳት አሉ። እንግሊዝ አገር ያሉት ዳውንሳይድና አምፕልፎርዝ የቅዱስ ቤኔዲክትን ሥርዓት የሚከተሉ መነኮሳት ያቋቋሟቸው የግል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሁለቱም ከ200 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለረጅም ዘመን ወንዶችን ብቻ ሲያስተምሩ ኖረው ዛሬ ሴቶችንም ወንዶችንም ይቀበላሉ። ክፍያቸውን ተዉት፤ ዋጃ ላይ ቢነገር ተረት ነው የሚመስለው።

ከእነሱ መወሰድ ያለበት ሕንፃውና ክራባቱ አይደለም። የገዳም ሰው ቀኑን በሰዓት ከፋፍሎ ነው የሚኖረው፤ የጸሎት ሰዓት አለው፣ የሥራ ሰዓት አለው፣ የንባብ ሰዓት አለው። ይህ ሥርዓት ከገዳሙ ወደ ትምህርት ቤቱ ተሻገረ። በደወል መነሣት፣ አብሮ ቁርስ መብላት፣ ክፍል መግባት፣ ከሰዓት ስፖርት፣ ማታ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ጸጥ ብሎ የሚያጠናበት ሰዓት፣ ከዚያ መብራት ማጥፋት። ልጆቹ በ“ቤት” በ“ቤት” ይከፋፈላሉ፤ ለየቤቱ ኃላፊ መምህር አለው፤ መምህሩም እዚያው ያድራል። አንድ ልጅ ሌሊት ቢያመው፣ ቢፈራ፣ ቢያለቅስ የሚያንኳኳው በር አለ። ቁም ነገሩ እሱ ነው፤ የሚንኳኳ በር መኖሩ።

“ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው” የሚል ካለ ደግሞ ትንሽ ታገሡኝ። የቆሎ ተማሪ ምንድነው? ከአገሩ ርቆ፣ ለምድ ደርቦ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ ለምኖ የሚማር አዳሪ ነው። የወሎው ደረሳስ? እንደ የጁው ዳና ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ሸኹ ጋ ተጠግቶ፣ የአካባቢው ሰው እያበላው ኪታብ የቀራ አዳሪ ነው። ኑሮው ከባድ ነበር፤ ማሳመር አልፈልግም። ግን ሁለቱም ጋ የኔታ ወይም ሸኹ አለ። መምህሩ ከተማሪው ጋር ይኖራል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደጠፋ፣ ማን ትምህርቱ እንደከበደው ያውቃል። ዛሬ ኪራይ ቤት የሚያድረው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከጥንቱ የቆሎ ተማሪ ያነሰ ነው ያለው። ስንቅ አለው፤ የኔታ የለውም። መምህሩ ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ዘግቶ ሲወጣ ልጁ የማንም አይደለም።

የእምነቱ ነገርስ? “ካቶሊክ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ሊያስቀይርብን ነው” የሚለው ስጋት በኛ አገር ታሪክ አለው፤ ቀልድ አይደለም። ፋሲለደስ ጀስዊቶችን ከአገር ያባረሩት በ1630ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት የፈሰሰው ደም ቀላል አልነበረም። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ግን ምን ሆነ? ከጣልያን ወረራ ማግሥት፣ በ1945 እ.ኤ.አ.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የካናዳ ጀስዊቶችን ጠርተው በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ ሰጧቸው። አዳሪዎች የነበሩት ትምህርት ቤት ነው። ጀስዊቶቹ የካህን ቀሚሳቸውን ትተው በኮትና በክራባት ነበር የሚያስተምሩት፤ ስብከት ክልክል ነበር። ከመኻላቸው አንዱ፣ ዶክተር ሉሲየን ማት፣ ቆይተው በ1950 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሩ። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የተነሣው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ሕጉ ግልጽ ከሆነ፣ ተቆጣጣሪም ካለ፣ ማን አሳደረ የሚለው ጥያቄ ያን ያህል አያስፈራም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ። በየከተማው ያሉት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ግን ተሞልተው ነው የሚያድሩት፤ የሞሉባቸው ልጆች ደግሞ በብዛት የኦርቶዶክስና የሙስሊም ልጆች ናቸው። ወላጅ በጥራትና በሥርዓት አምኗቸው ነው። ራያ ላይ ማደሪያ የሚሠራው ደብር ቢሆን፣ መስጊድ ቢሆን፣ ካቶሊክ ቢሆን፣ ወይም ውጭ አገር ያለ የራያ ልጅ ቢሆን እኔ ግድ የለኝም። ማታ የሚያድር ኃላፊ ያስቀምጥ እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ሴቶቹ። አማርኛችን ራሱ እዚህ ላይ ክፉ ነው። “አዳሪ” የሚለው ቃል ለወንድ ሲሆን ተማሪ ነው፤ ለሴት ሲሆን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቃሉን የፈጠረው ፍርሃት ዛሬም አልሞተም። ከቤት ውጭ የምታድር ሴት ልጅ በጥርጣሬ ነው የምትታየው። አባት ልጁን ከተማ ኪራይ ቤት ከሚያስቀምጣት ቢድራት “ክብሯን ጠበቀ” ይባላል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ ይከለክላል፤ ሕጉ ግን ማታ በሩን አይዘጋላትም። አባትየው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ያቀረብንለት ምርጫ የቆርቆሮ በር ስለሆነ ነው።

የቆሎ ትምህርቱም ሆነ የደረሳው ሥርዓት በአብዛኛው የወንድ ነበር። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ሲከፈት ሴት ልጅ ከቤት ርቃ፣ ተከብራ፣ አድራ መማር እንደምትችል ለአገሩ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ዘጠና ዓመት አልፏል። ዛሬ የሚያስፈልገው ሴትና ወንድ በአንድ ክፍል፣ በአንድ የጥናት አዳራሽ፣ በአንድ የምግብ ጠረጴዛ የሚገናኙበት፣ ማደሪያቸው ግን የተለያየና ሴት ኃላፊ ያለበት ቦታ ነው። “ወንድና ሴት አንድ ግቢ?” ብሎ ለሚደነግጥ ሰው፦ አሁንም እኮ አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። የሚጠብቃቸው ሰው ብቻ ነው የሌለው።

“መንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት እየሠራ አይደል እንዴ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። አዎ፤ ጥሩ ጥሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። በየክልሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። በግል በኩልም ደብረ ብርሃን አጠገብ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ኃይለ ማናስ አካዳሚን መጥቀስ ይቻላል፤ ሴትና ወንድ የሚማሩበት ለትርፍ ያልቆመ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ አቅም ለሌላቸው ድጋፍ ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስማቸው ከሚነሣው መኻል አዳሪዎቹ አሉበት። አገር አቀፍ ውጤቱን ደግሞ አንረሳውም፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በዓመት ከሺህ በላይ የሆኑባቸውን ዓመታት አይተናል።

ከዚህ ቁጥር የሚወሰደው ትምህርት ግን “ጎበዞቹን ለቅመን እናሳድር” ሆነ። አዳሪነት የጎበዝ ሽልማት ተደረገ። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞም መብራትና የሚያነብ ወላጅ ያለው ነው። ማደሪያ የሚያስፈልገው ሦስት ሰዓት በእግር የሚሄደው መካከለኛ ተማሪ ነው፤ በሩን በድንጋይ የምትደግፈው መካከለኛ ተማሪ ናት። መስፈርቱ ማርክ ሳይሆን ኪሎ ሜትር መሆን አለበት። ለአርብቶ አደር አካባቢዎች ይህ ሐሳብ በፖሊሲ ደረጃ ተቀባይነት ካገኘ ቆይቷል፤ አዳሪ ትምህርት ቤትና ማደሪያ ይሠራላቸዋል። ከዞብል ተራሮች ማዶ ላለው የአፋር ልጅ የሚገባው ምክንያት ከተራሮቹ ወዲህ ላለውም ልጅ ይገባዋል።

አንድ የሚያስገርመኝ ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየወረዳቸው በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እየበሉ፣ እያደሩ፣ እየተጠበቁ ሲፈተኑ አይተናል። ለመቶ ሺዎች አልጋ ተገኘ፣ ምግብ ተገኘ፣ ጥበቃ ተገኘ። ስለዚህ “አቅም የለም” የሚለው ሙሉ መልስ አይደለም። ልጁ እንዳይኮርጅ ለጥቂት ቀን ማሳደር ከቻልን፣ እንዲማር አራት ዓመት ስለማሳደር ቢያንስ መነጋገር አያቅተንም።

ማደሪያ ሁሉ ደግሞ መልካም ነው እያልኩ አይደለም። ቅድም የጠቀስኳቸውን ዳውንሳይድንና አምፕልፎርዝን በተመለከተ የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ አካል በ2018 እ.ኤ.አ. ሪፖርት አውጥቷል። ለብዙ ዓመታት ልጆች ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው፣ ኃላፊዎቹም ከልጆቹ ደኅንነት ይልቅ የተቋሙን ስም እንዳስቀደሙ ነው የገለጸው። ጎረቤታችን ኬንያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት በብዛት ያላት አገር፣ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ኒየሪ ውስጥ በሚገኘው ሂልሳይድ ኢንዳራሻ አካዳሚ በማደሪያ ቃጠሎ 21 ልጆች አጥታለች። አሳዳሪ የሌለው ልጅ አደጋ ላይ ነው፤ የማይጠየቅ አሳዳሪ ያለው ልጅም አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ማደሪያ ሲሠራ በሩ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ መውጫው ሁለት ይሁን፤ አልጋው አይታጨቅ። ልጁ የሚያማርርበት ሰውም ከግቢው ውጭ ይሁን፤ የወላጅ ኮሚቴም ይሁን ሌላ፣ ኃላፊውን የማይፈራ ሰው።

ሌላው ጥያቄ ሰላም ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በዚህ ሜዳ ላይ ከአንዴም በላይ ተመላልሷል፤ ሰው አልቋል፣ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ተዘርፈዋል። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። “በዚህ ጊዜ ልጅ ሰብስቦ ማሳደር?” ብትሉኝ ጥያቄያችሁ ልክ ነው። ተኩስ ባለበት ልጅ አይሰበሰብም። ግን የተዘጋ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የፈረሰም መልሶ ሲገነባ ሥዕሉ ላይ ክፍልና ቢሮ ብቻ ተሥሎ እንዳይቀር ነው የምለው። መልሶ ግንባታ አንዴ ካለፈ ለሃያ ዓመት አይመለስም።

ምን ይደረግ? ፎቅ አልጠየቅኩም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወይም አጠገቡ ሁለት ረድፍ ማደሪያ፣ አንዱ ለሴት አንዱ ለወንድ። አንድ ማእድ ቤት። መብራት ያለው አንድ የጥናት አዳራሽ። ወላጅ አሁንም ስንቅ ይልካል፣ አሁንም የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ያ ስንቅ በየክፍሉ ከሚሻግት አንድ ላይ ይፍሰስና ትኩስ ምግብ ይሁን፤ የኪራዩም ገንዘብ ለምግብ ሠሪዋ ይዋል። መንግሥት ደግሞ ቢያንስ የአንድ ሴትና የአንድ ወንድ ኃላፊ ደመወዝ ይክፈል። አስተማሪ ሆነው እዚያው የሚያድሩ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስም የሚጠሩ፣ የጎደለ ካለ “የት ሄደ?” የሚሉ ሰዎች። የትምህርት ጥራት ስንል ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ካሪኩለም፣ ስለ ፈተና እንጨቃጨቃለን፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስም የሚጠራ ሰው የትኛው ሪፎርም ውስጥ እንዳለ ግን እስካሁን አላየሁም።

መስከረም ሲጠባ ከዋጃና ከቆቦ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች አዲስ የዘጠነኛ ክፍል ልጆቻቸውን ስንቅ አስይዘው ይልካሉ። ማደሪያ ሠራንም አልሠራንም ልጆቹ የሆነ ቦታ ማደራቸው አይቀርም። እኛ ልንወስን የምንችለው ማን ጋ እንደሚያድሩ ነው።